ቡናው ይሄዳል፣ ገለባው ይቀራል

ጅማ ውስጥ የቡና ወቅት መግባቱን ለማወቅ ቀን መቁጠሪያ አያስፈልግም። አፍንጫ ይበቃል። ኅዳር ላይ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ስታልፉ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የእሸት ቡና ልጣጭ ሽታ ነው። መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ ቀናት ሲያልፉ ይኮመጥጣል፤ ከዚያ ይከረፋል። ወራት ቆይቶ ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነልጣጩ የሚሰጣው ቡና፣ ደርቆ መፈልፈያ ቤት ሲገባ ደግሞ ሽታው ወደ ጭስ ይለወጣል። ከመፈልፈያው ጀርባ የተከመረው ገለባ ውስጥ ውስጡን ይነዳል። ነበልባል የለውም። ጭሱ ግን ቀኑን ሙሉ አይቋረጥም።

ልጅ ሆኜ ያ ክምር ተራራ ይመስለኝ ነበር፤ ላዩ ላይ ወጥተን እንንሸራተት ነበር። አሁን ሳየው የሚታየኝ ሌላ ነው። ቡናው ወዴት እንደሚሄድ ከገበሬው እስከ ላኪው ሁሉም ያውቃል። ደረጃ አለው፣ ዋጋ አለው፣ መኪና ይጠብቀዋል። ገለባው ወዴት እንደሚሄድ ግን የሚጠይቅ የለም። በቃ፣ ወደ ጀርባ ይጣላል።

ዛሬ ላወራ የፈለግኩት ስለዚያ "ጀርባ" ነው። "ዘላቂነት" የሚለው ቃል በየስብሰባ አዳራሹ ብዙ ስለተጠራ ደክሟል። ባነር ላይ ይጻፋል፤ ባነሩ ራሱ ፕላስቲክ ነው፤ ስብሰባው ሲያልቅ የጉሊት ዳስ ይሆናል። (ያው፣ ባነሩ ከስብሰባው ይልቅ ዘላቂ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ነው።) ስለዚህ ቃሉን ትተን ነገሩን በአንድ ጥያቄ እንያዘው፦ ይህ ዕቃ ሲያልቅ ወዴት ይሄዳል? ጥያቄው ዕቃው ካረጀ በኋላ ከተነሳ አርፍዷል። መነሳት ያለበት ዕቃው ገና ወረቀት ላይ እያለ ነው።

መልሱ ከሁለት አንዱ ቢሆን ደግ ነው። አንዱ ወደ አፈር መመለስ ነው፤ መበስበስ። ሌላው ወደ ወርክሾፕ መመለስ ነው፤ መፈታት፣ መጠገን፣ መቅለጥ፣ እንደገና መሠራት። ሁለቱንም የማይችል ዕቃ መጨረሻው አዌቱ ወንዝ ነው። ጅማ ያደገ ሰው ክረምት ላይ አዌቱ ምን ተሸክሞ እንደሚያልፍ ያውቀዋል።

እስቲ ከገለባው እንጀምር። ሁለት ፈረሱላ ጀንፈል፣ ማለትም 34 ኪሎ፣ ሲፈለፈል አንድ ፈረሱላ ገደማ ንፁህ ቡና ይወጣዋል። የቀረው ገለባ ነው። አንድ ኪሎ ቡና ለዓለም በላክን ቁጥር አንድ ኪሎ ያህል ገለባ ለራሳችን እናስቀራለን ማለት ነው። የታጠበ ቡና ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። 1 ኪሎ ንፁህ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ እሸት ያስፈልጋል። ከእሸቱ ክብደት ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው እርጥብ ልጣጭ ነው። ልጣጩና ፍሬው ላይ የሚቀረው የሚያዳልጥ አልጋግ ስኳር አላቸው። ወንዝ ውስጥ ሲገቡ ጥቃቅን ነፍሳት ይረባረቡባቸዋል፤ እነሱ ሲበሉ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣውም ሌላው የውሃ ፍጡርም በመርዝ ሳይሆን በአየር እጥረት ያልቃሉ። ከታች ያለው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣው ያንኑ ውሃ ነው።

እዚህ ላይ የማሽን ንድፍ ምን ያህል ነገር እንደሚወስን ይታያል። የድሮው የቡና ማጠቢያ ውሃን እንደ ነፃ ዕቃ ቆጥሮ የተሠራ ነው። ቡናው በውሃ ይሄዳል፣ በውሃ ይላጣል፣ በውሃ ገንዳ ውስጥ ይቦካል፣ እንደገና በውሃ ይታጠባል። አዲሶቹ ውሃ ቆጣቢ ማሽኖች አልጋጉን በመፋተግ ነው የሚያነሱት። ልጣጩም ከውሃው ጋር ሳይቀላቀል ደረቅ እንዳለ ይወጣል። ደረቅ ልጣጭ በአካፋ ይዛቃል፤ ኮምፖስት ይሆናል። ውሃ ውስጥ የገባ ልጣጭ ግን ከእንግዲህ ማንም አይሰበስበውም። ልዩነቱ ይኼው ነው፤ ልጣጩ ያው ልጣጭ ነው፣ የተለየው የማሽኑ ሐሳብ ነው። የተረፈውን ቆሻሻ ውሃ በቬቲቨር ሣር መሃል አሳልፎ ማጣራትም ይቻላል። ሣሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። ወደ አገራችን የገባው እዚሁ መልኮ ባለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ነው።

ደረቁ ገለባስ? ብዙ ሐሳብ ይነገርለታል። እንጉዳይ ይበቅልበታል፤ ይህ እውነት ነው። አክስሎ፣ ከሸክላ አፈር ወይም ከሞላሰስ ጋር ለውሶ፣ በመጭመቂያ የተጠቀጠቀ ከሰል ማድረግ ይቻላል፤ ይህም እውነት ነው። ታዲያ ለምን አሁንም ከጀርባ ይጨሳል? አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ ገለባው ራሱ ቀላል ነው። አንድ አይሱዙ ሙሉ ገለባ ሲጭን መኪናው ሞላ እንጂ አልከበደም። የናፍጣው ዋጋ ከጭነቱ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ገለባን ወደ ፋብሪካ አምጥቶ የሚሠራ ዕቅድ ሁሉ መንገድ ላይ ይሞታል። መሄድ ያለበት መጭመቂያው ነው፤ ወደ መፈልፈያው ደጃፍ። ትንሽ፣ በየብየዳ ቤቱ የሚጠገን፣ መብራት ሲጠፋ በእጅ የሚሠራ።

ሌላው ሐሳብ ገለባውን በሙጫ አጣብቆ ጣውላ ማድረግ ነው። ሲሰሙት ያምራል። "ከቡና ገለባ የተሠራ ጠረጴዛ" ብሎ ለቱሪስት መሸጥ ነው። እኔን ግን ይቆረቁረኛል። ገለባው ብቻውን ቢጣል አፈር ይሆን ነበር። ሙጫው ብዙ ጊዜ ዩሪያ ፎርማልዴይድ ነው። ሁለቱ ከተጣበቁ በኋላ ዕቃው እንደ ገለባ አይበሰብስም፣ እንደ ፕላስቲክም አይቀልጥም። እርጥበት ሲነካው ያብጣል፤ የጅማ ክረምት ደግሞ ርኅራኄ የለውም። አምስት ዓመት አገልግሎ ሁለቱንም መንገድ የዘጋ ቆሻሻ ይሆናል። "ተፈጥሯዊ" የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይደለም። ዋናው ጥያቄ ምን ከምን ጋር ተጋባ፣ ሲፋቱስ ይፋታሉ ወይ ነው።

ይህን የፍቺ ነገር ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየኝ ሃይላንድ ነው። አዎ፣ የውሃ ፕላስቲኩ። ጠርሙሱ የሚሠራው ፔት ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ክዳኑ ግን ከሌላ ዓይነት ነው። ሰው ይህን ሲሰማ "ለምን ቀላቀሉት?" ይላል። ነገሩ ግን ብልህ ነው። መልሶ መጠቀሚያ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙሱ ከነክዳኑ ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ይገባል። ፔት ከውሃ ስለሚከብድ ይሰምጣል። የክዳኑ ፕላስቲክ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። ሠራተኛ ቁጭ ብሎ መለየት ሳያስፈልገው ውሃው ራሱ ይለያቸዋል። አሁን በዚያው ጠርሙስ ላይ ፒቪሲ ከሚባል ሌላ ፕላስቲክ የተሠራ መጠቅለያ አልብሱት። ፒቪሲም እንደ ፔት ይሰምጣል። አብረው ወደ ማቅለጫው ይገባሉ። ፔት በሚቀልጥበት ሙቀት ፒቪሲ ይቃጠላል፤ ጥቂቱ ብዙውን ያበላሻል። አንድ ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ "መጠቅለያው ከዚህ ይሁን" ያላት ውሳኔ ሺህ ቆራሌዎች በፀሐይ የሰበሰቡትን ዋጋ ታሳጣለች። ቀለም ያለው ጠርሙስም እንደዚሁ ነው፤ ከነጩ ያነሰ ዋጋ ያወጣል፣ ምክንያቱም ነጩ ወደ ማንኛውም ቀለም ይለወጣል፣ ቀለም ያለው ግን ወደ ነጭ አይመለስም።

ስለ ቆራሌው ካነሳን አይቀር፣ ይህች አገር ያላት ትልቁ የመልሶ መጠቀም ድርጅት እሱ ነው እላለሁ። ደሞዝ የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ ግን ብረቱን ከጫማው፣ ጫማውን ከጄሪካኑ በዓይኑ ይለያል። ዕቃ የሚነድፉ ሰዎች አንድ ቀን ከቆራሌ ጋር ቢውሉ ብዙ ይማሩ ነበር። የትኛውን ዕቃ እንደማይገዛ ብቻ ይጠይቁት። የብስኩትና የቺፕስ ማሸጊያ ሲሰጡት ይስቃል። ከውጭ ፕላስቲክ፣ መሃል ላይ ስስ አሉሚኒየም፣ ከውስጥ ሌላ ንብርብር፤ ማን ይላጠው?

ወደ ቡናው ልመለስ፤ የሚጓዝበት ከረጢትም የራሱ ታሪክ አለው። ወደ ውጭ የሚላከው ቡና ብዙውን ጊዜ 60 ኪሎ በሚይዝ የጁት ኬሻ ነው የሚሄደው። ጁት በዋናነት የሚበቅለው ባንግላዴሽና ህንድ ነው። እኛ ቃጫ ከእንሰት የምንፍቅ ሰዎች ቡናችንን በሰው አገር ቃጫ እናሽጋለን። ይህን ስል "ነገ በእንሰት እንተካው" እያልኩ አይደለም። ቃጫ መፋቅ የሴቶች ጉልበት የሚጨርስ ሥራ ነው፤ የሚያቃልል መሣሪያ ሳይኖር ከፋብሪካ ኬሻ ጋር አይወዳደርም። ግን ማንም በቁም ነገር መሣሪያውን ለመሥራት አለመቀመጡ ያስቆጨኛል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ማቴሪያል ሳይንስና ምህንድስና ይማራሉ። የመመረቂያ ሥራቸውን ከዚያ ቢጀምሩስ?

ኬሻም ተፈጥሮ ስለሆነ ብቻ ንፁህ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከሚፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ በሯን ዘጋች። ነገሩ ሲጣራ ጣት የተቀሰረው ወደ ማሳው ሳይሆን ወደ ተበከለ ኬሻ ነበር። ጃፓን ትልቅ ገዢያችን ነበረች። አንድ ማሸጊያ ስንት ገበሬ እንደሚያስለቅስ ያኔ ታየ።

በአገር ቤት ገበያ ደግሞ ኬሻን የተካው "ማዳበሪያ" ነው። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። በዩሪያና በዳፕ ሞልቶ የመጣው የፕላስቲክ ከረጢት ይዘቱ ካለቀ በኋላ ስሙን ይዞ ቀረ። ጤፍ ይጫንበታል፣ በርበሬ ይሰጣበታል፣ ከሰል ይሞላበታል፣ መጨረሻ ላይ የሽንት ቤት በር ይሆናል። ማንም እንዲህ እንዲያገለግል አልነደፈውም። ሰዉ ነው ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሕይወት የሰጠው። ችግሩ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ክሩ ይፈረካከሳል፤ ብናኙ ማሳ ውስጥ ይቀራል።

በርጩማውን ሳላነሳ ብቀር የጅማ ሰው ይታዘበኛል። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል። ሚስማር የለውም፣ ሙጫ የለውም፣ መገጣጠሚያ የለውም። ሦስት እግር ነው። ይህ ለጌጥ አይደለም። አራት እግር ያለው ወንበር የጭቃ ወለል ላይ ይንገዳገዳል፤ አንዱ እግር ሁልጊዜ አየር ላይ ነው። ሦስት እግር ግን ወለሉ ምንም ይሁን ምን ሦስቱም ይነካሉ። አያቴ ቤት የነበረችው በርጩማ ከእኔ ዕድሜ በላይ አገልግላለች። ስትሰነጠቅ እንኳ አልተጣለችም፤ የጀበና ማስቀመጫ ሆነች። የመጨረሻዋ ቀን ብትመጣ እሳት ናት፣ ከዚያ አመድ፣ ከዚያ ጓሮ።

ፍጹም ንድፍ አይደል? እዚህ ላይ ነው ራሴን የምጠራጠረው። በርጩማው የሚሠራበት ዋንዛ ነው። ዋንዛ የቡና ጥላ ነው፤ የአገር ዛፍ ነው። ከአንድ ግንድ አንድ በርጩማ ሲወጣ በመጥረቢያና በመሮ የሚረግፈው ፍርፋሪ ከተረፈው ዕቃ ሊበልጥ ይችላል። ጫካው ሰፊ፣ ሰዉ ጥቂት በነበረ ጊዜ ይህ ምንም አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከከለከላቸው ዛፎች አንዱ አድርጎት ነበር፤ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድም ከእሱ ጋር ነበሩ። ስለዚህ "የአባቶቻችን ዕቃ ሁሉ ለተፈጥሮ ተስማሚ ነበር" የሚለውን ወግ እንዳለ መቀበል ይከብደኛል። ዕቃው ጥሩ የሆነው ለጊዜው ነበር። ዛሬ ያንኑ ሦስት እግር፣ ያንኑ ሙጫ አልባነት ይዞ ቶሎ በሚያድግ ግራቪሊያ፣ ከትንሽ ቁርጥራጭ፣ በእንጨት ቁልፍ ተገጣጥሞ የሚሠራ በርጩማ ማሰብ ይቻላል። እግሩ ሲሰበር እግሩ ብቻ ይቀየራል። የድሮው ሰዎች ይስቁብኝ ይሆናል። ይሳቁ።

መቀየር ካልኩ፣ ባለፈው ዓመት የውሃ ማፍያዬ ተበላሸ። ዓመት አልሞላውም። ጠጋኙ አገላብጦ አየውና "ወንድሜ፣ ይሄ እንዳይከፈት ነው የተሠራው" አለኝ። ብሎን የለውም፤ ተጨፍልቆ የተዘጋ ነው። ውስጡ የተበላሸችው ዕቃ የጥቂት ብር ናት፤ እሷ ጋ ለመድረስ ግን ማፍያውን መስበር ያስፈልጋል። ይህ ዕድል አይደለም፤ ምርጫ ነው። ዓለም ላይም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ትልልቆቹ የአምፖል ፋብሪካዎች ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው ፎበስ የሚባል ኅብረት አቋቋሙ። እስከ 2,000 ሰዓት ይበራ የነበረው አምፖል ከ1,000 ሰዓት እንዳይበልጥ ተስማሙ። አምፖሉ ብዙ የቆየበት አባል ይቀጣ ነበር። አሁን ደግሞ ነፋሱ ትንሽ ዞሯል። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2027 ጀምሮ ስልክና መሰል ዕቃዎች በጥቅሉ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣው የሚችል ባትሪ እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ሕግ ይሠራል። እኛማ ባትሪውን አውጥተን ፀሐይ ላይ አስጥተን እንደገና የምናስገባበትን ዘመን እናስታውሳለን።

በዚህ በኩል የምኮራባቸው ሁለት የአገር ዕቃዎች አሉ፤ ላቀች ከሰል ማንደጃና ምርጥ ምድጃ። ላቀች ውስጧ ሸክላ ነው፣ ውጭዋ ቆርቆሮ። ሸክላው ሙቀቱን ይይዛል፤ ከድሮው የብረት ማንደጃ ሩብ ያህል ከሰል ታተርፋለች። ምርጥ ደግሞ የምጣዱን እሳት ዙሪያውን ይዘጋል፤ ከሦስት ጉልቻ አንፃር ግማሽ ገደማ እንጨት ይቆጥባል። ሁለቱም ያሸነፉት በሳይንሳቸው ብቻ አይደለም። የሠፈር ሸክላ ሠሪና ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ሊሠራቸው ስለሚችል ነው። ሸክላዋ ስትሰበር ሌላ ሸክላ ይገባል። መለዋወጫ ከቻይና አይጠበቅም።

ቤቱንስ? በአጭሩ ልበል። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ 1,450 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ተቃጥሎ ነው። ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ የሰው ልጅ ከሚለቀው ውስጥ 8 በመቶ ገደማው የሲሚንቶ ነው። ጡቡ ቢሆን የሚሻል ይመስላል፤ ቦዬ ረግረግ ዳር ሸክላ አፈሩ ተቆፍሮ በባሕር ዛፍ ሲተኮስ ያየ ሰው ግን እንደዚያ አይልም። ጭቃ ቤት ደግሞ ይናቃል። ሆኖም ጭቃን የገደለው ጭቃነቱ አይደለም፤ አጭር ጣሪያና የድንጋይ መሠረት ማጣት ነው። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሄዳችሁ እዩ። ሰፊው በረንዳ ዝናቡን ከግድግዳው ያርቃል። ጅማ ላይ ዝናብ ዘጠኝ ወር ሊጎበኛችሁ ይችላል፤ የግድግዳውን ዕድሜ የሚያሳጥረውም የሚያረዝመውም ጣሪያው ነው።

አሁን ወደ ፌስታል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጡትን ስስ ፌስታሎች ለመገደብ ሞክሮ ነበር። ውጤቱን በየቦዩ አይተናል። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሏቸውን ፌስታሎች የሚከለክልና ቅጣት ያለው አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ደግፌዋለሁ። ግን ሕግ "አትጠቀም" ይላል እንጂ ቅቤው በምን ይያዝ አይልም።

ባለፈው ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ነበርኩ። አንዲት እናት ቅቤ ይሸጣሉ። ግማሽ ኪሎ መዘኑልኝና በኮባ ቅጠል አሳምረው ጠቀለሉት። ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ቀዝቃዛ፣ ነገ ጓሮ ቢጣል አፈር የሚሆን። ደስ አለኝ፤ እንዲያውም ይህን ጽሑፍ በልቤ የጀመርኩት ያኔ ነው። እጄን ስዘረጋ ከመደባቸው ሥር ጥቁር ፌስታል አወጡ።

"እማማ፣ አያስፈልግም፤ ቦርሳ ይዣለሁ" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ፀሐዩን አታየውም? ቤትህ ሳትደርስ ይቀልጥና ቦርሳህን ቅባት በቅባት ያደርግልሃል። ከዚያ እኔን ልትረግም?" አሉና ኮባውን ፌስታሉ ውስጥ ከተው ሰጡኝ።